ለ«አበሻ ውሻ ሐኪም አያስፈልገውም» የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ሲዞር የነበረ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደረሰኝ። አምስት ሰው ነው የላከልኝ። ሁለቱ «አንብበው፣ እውነቱን ነው» ብለው፣ ሦስቱ እየሳቁብኝ። የእንስሳት ሐኪም ስለሆንኩ ነው። ውሎዬ ከውሻና ከድመት ጋር ነው፤ ማታ ቤት ስገባም ከልጆቼ ቀድማ የምትቀበለኝ ድመታችን ውሮ ናት፣ ሱሪዬን ታሸትና ተናዳ ትሄዳለች።

ላላነበባችሁት ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ውሻና ድመት ሐኪም ቤት ማመላለስ ከፈረንጅ የተቀዳ ቅንጦት ነው። የእኛ ውሻ ጠንካራ ስለሆነ ክትባት አያስፈልገውም። ከግቢ የማይወጣ እንስሳ በሽታ ከየትም አያመጣም። ትል ተፈጥሮ ነው፣ ከባሰም የሰው ኪኒን ይበቃል። ማምከን ጭካኔ ነው፣ ሴቷ ቢያንስ አንዴ ትውለድ። ድመት ለነፍሰ ጡር አደገኛ ስለሆነች ከቤት ትውጣ። ሐኪሞቹ ነጋዴዎች ናቸው። ቢነክስም የእብድ ውሻ ክትባት የሚገኝበት ፓስተር አለ።

ጸሐፊው ክፉ ሰው አይመስሉኝም። እንስሳ እንደሚወዱ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። እንደውም አንድ ቦታ ላይ ልክ ናቸው፣ እደርስበታለሁ። የቀረው ግን በየሳምንቱ ጠረጴዛዬ ላይ የሚያልቀው ነገር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«የእኛ ውሻ ጠንካራ ነው»

ይህን ክርክር ከአባቴም ሰምቼዋለሁ። «እኛ ቤት ስንት ውሻ አደገ፣ የትኛው ተከተበ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ብዙ ውሻ አድጓል። ስንቱ ሳያድግ ቀረ? የሰፈራችሁን ሴት ውሻ አስታውሱ። ክረምት ላይ ቱቦ ስር ሰባት ትወልዳለች። ለእንቁጣጣሽ አራት ይሆናሉ። ለመስቀል ሁለት። ለገና አንዱ ብቻ ይቀርና እሱ አድጎ በር ላይ ሲጋደም «አየህ፣ ምንም ሳይከተብ!» እንላለን። ስድስቱን የቆጠራቸው የለም።

ጥንካሬ ካነሳንማ ከቀይ ቀበሮ የጠነከረ የአገር ልጅ ከየት ይመጣል? ከ3,000 ሜትር በላይ ውርጭ ላይ ያድራል፣ አይጥ አድኖ ይኖራል፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ተራሮች ላይ ዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገባና እዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ጨረሰ። በሽታው የመጣው ከብት ይዘው ከሚወጡ እረኞች ውሾች ነው። ያው ያልተከተበው የእኛው ጠንካራ ውሻ ማለት ነው። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች በጠቅላላ ከ500 አይበልጡም።

ወደ ከተማ ስንመጣ ቡችላ የሚጨርሰው ፓርቮ የሚባል ደም የሚያስቀምጥ የቫይረስ በሽታ ነው። ያየው ሰው አይረሳውም፣ በተለይ ጠረኑን። ቡችላው ገና በር ላይ እንዳለ በአፍንጫችሁ ትለዩታላችሁ።

በቅርቡ አንድ ወጣት በሹራብ የተጠቀለለ ቡችላ ይዞ መጣ። ከደላላ የገዛው ነው፣ ሳምንት አልሞላውም። «ተከትቧል ዶክተር፣ ካርድ አለው» አለኝ። ካርዱን ገለጥኩት። ሦስት ክትባት ተሞልቷል። ሦስቱም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ። የሦስተኛው ቀን «ጳጉሜ 8» ይላል። ጳጉሜ ስምንት! ልጁም ሲያየው ሳቅ ቃጣውና ወዲያው ቡችላው ሹራቡ ላይ ደም የቀላቀለ ሲያስቀምጥ ፊቱ ተለወጠ። ሦስት ቀን ግሉኮስ ላይ አቆየነው። አልተረፈም። ልጁ ለሦስቱ ቀን የከፈለው ገንዘብ ሙሉ የቡችላ ክትባት አስከትቦ ይተርፈው ነበር።

ጸሐፊው «የጎረቤቴ ውሻ ተከትቦም ሞተ» ያሉት እኮ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ግን አልነገሩንም። ቡችላ ከእናቱ እንገር ጋር መከላከያ ይጠጣል። ይህ መከላከያ በሽታውን እንደሚመክት ሁሉ ክትባቱንም ይመክተዋል። መቼ ተሟጦ እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል፤ አንዱ በሁለት ወሩ ባዶውን ይቀራል፣ ሌላው እስከ አራት ወር ሊቆይበት ይችላል። ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ጀምረን፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ እየደገምን፣ 16 ሳምንት እስኪሞላው ድረስ እንወጋለን። የእብድ ውሻው በሦስት ወሩ ይጨመራል። ከሁሉም የምታስፈልገው የመጨረሻዋ መርፌ ናት። ሰው ግን የመጀመሪያዋን ያስወጋና ይጠፋል። ከዚያ «ተከትቦ ሞተ» ይባላል።

ሌላም አለ። ክትባት መቀመጥ ያለበት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ነው። መብራት ሲሄድ ሲመጣ በሚውልበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከኪስ የሚወጣ ብልቃጥ አታስወጉ። «ፍሪጁን አሳየኝ» በሉ። የብልቃጡ ስቲከርም ካርዱ ላይ ይለጠፍ። የሚያኮርፍ ሐኪም ካለ ያኩርፍ።

«ከግቢ አይወጣም»

እሱ አይወጣም፣ እናንተስ? ፓርቮ በጫማ ይገባል። አፈር ላይ ለወራት፣ ሲመቸው ከዓመት በላይ ይቆያል። ሲሚንቶውን በበረኪና ታጸዱታላችሁ፣ አንዱን በረኪና በሠላሳ ውሃ በጥብጦ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ነው። ጓሮውን ግን ምን ታደርጉታላችሁ? ፓርቮ የገደለው ቡችላ በነበረበት ግቢ ያልተከተበ ሌላ ቡችላ ወዲያው ማምጣት እሱንም መቅበር ነው።

የእብድ ውሻ በሽታም በር አንኳኩቶ አይገባም። የግቢያችሁን በር ስር እዩት፤ ክፍተት አለው፣ ውሻችሁም ቀኑን ሙሉ አፍንጫውን በዚያች ክፍተት አውጥቶ ከአላፊ አግዳሚው ውሻ ጋር ሲነታረክ ነው የሚውለው። ድመትማ ግቢ የሚባል ነገር አታውቅም። ውሮ ከሦስት ቤት በላይ ያሉ እትዬ ዘንድ «ልዕልት» ተብላ እንደምትጠራና ጠዋት ጠዋት ወተት እንደምትጠጣ ያወቅሁት ሁለት ዓመት ከሞላት በኋላ ነው።

«ትል ተፈጥሮ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ ከሁሉም ያናደደኝ ይሄ ነው።

ቡችላ ከትል ጋር ነው የሚወለደው። ትሉ ገና ማኅፀን ውስጥ እያለ ከእናቱ ይተላለፍበታል። «ምንም ሳይበላ ከየት አመጣው?» ለሚሉኝ መልሱ ይሄው። ስለዚህ የትል መድኃኒት የሚጀመረው በሁለት ሳምንቱ ነው፣ ጡት እስኪጥል በየሁለት ሳምንቱ ይደገማል። አድጎም በየሦስት ወሩ ብትሰጡት ጥሩ ነው። የዚህ ትል እንቁላል አፈር ላይ ይቆያል፤ አፈር ላይ የሚጫወተው ደግሞ ልጃችሁ ነው። እጁ ወደ አፉ ሲሄድ አብሮ ይገባል። አንዳንዴ ከእንቁላሉ የተፈለፈለው ትል ዓይን ድረስ ሄዶ የልጅ ዓይን ያጠፋል።

ሌላው ግን በዓል በመጣ ቁጥር እያየሁት የምሰቀቅበት ነው። የፋሲካ ጠዋት፣ ግቢ ውስጥ በግ ታርዷል። አራጁ ሆዱን ከፍቶ ጉበቱን ሲያወጣ እንቁላል የሚያህሉ፣ ውሃ የቋጠሩ ነጫጭ ከረጢቶች አሉበት። ሳንባው ላይም አሉ። «ይሄ አይበላም» ይላል፤ ልክ ነው። ቀጥሎ «ለቡቺ ወርውርለት» ይላል። ቡቺ መሬት ሳይነካ በአየር ላይ ይቀልበዋል። ሁሉም ይስቃል።

በዚያች ከረጢት ውስጥ ያለው የትል ዘር ነው። ቡቺ ሆድ ውስጥ ገብቶ ሰባት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ኮሶ መሰል ትል ይሆናል። በሺዎች ነው የሚቆጠረው፣ ውሻው ግን ምንም አይመስልም፣ ይበላል ይዘላል። እንቁላሉ በዓይን አይታይም፤ ከዓይነ ምድሩ ወደ ፀጉሩ፣ ከፀጉሩ ቡቺን አቅፎ ወደሚስመው ልጅ እጅ፣ አልያም ጓሮ ወዳለው ሰላጣ ይሄዳል። ሰው ከዋጠው ያቺው በጉ ጉበት ላይ ያያችኋት ከረጢት ሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ትበቅላለች። ለዓመታት ዝም ብላ ታድግና አንድ ቀን በአልትራሳውንድ ትታያለች። መጨረሻው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው።

ታዲያ ይሄን ለመከላከል ምን ያህል ይወጣል? ምንም። ከረጢት ያለበትን ጉበትና ሳንባ ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው ጥልቅ አድርጎ መቅበር ወይም ማቃጠል ነው። ውሻው ቀድሟችሁ ከበላም ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት ቶሎ ስጡት። ስሙን ያዙት፣ ተራው የክብ ትል ኪኒን ለዚህ አይሠራም። ለበጉ ያወጣችሁትን አስቡና የመድኃኒቱን ዋጋ ጠይቁ።

«የሰው ኪኒን ይበቃል» የሚለው ደግሞ ድመት የሚያስገድል ምክር ነው። ቀልድ አይደለም። አንዲት እናት ድመታቸው አልበላ ስላለች ግማሽ ፓራሲታሞል በወተት ሰጥተዋት አመጧት። ለልጆቻቸው የሚሰጡትን ነው የሰጧት፣ ከክፋት አይደለም። አፏን ስከፍት ድዷ የቡና አተላ መስሏል። ፊቷ አብጧል፣ ትንፋሿ ያጥራል። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን የሚሰብርበት አቅም የለውም፣ ግማሽ ኪኒን ለሦስት ኪሎ ድመት መርዝ ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ለውሻ ጨጓራውንና ኩላሊቱን ነው የሚበሉት።

ከከብት መድኃኒት ቤት አይቨርሜክቲን የሚባለውን የትል መርፌ ገዝታችሁ ውሻ የምትወጉም አላችሁ። እስቲ አብረን እናስላ። ያ ብልቃጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም አለው። አንድ ሚሊ የሚበቃው ለ50 ኪሎ ጥጃ ነው። አምስት ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ በዚያው ስሌት እንኳ የሚደርሰው የአንድ ሚሊ አንድ አሥረኛ ነው። ሰው ግን «ትንሽ ነው» ብሎ አንድ ሚሊ ይወጋና አሥር እጥፍ ሰጠ ማለት ነው። ኮሊ የሚባለው የበግ ጠባቂ ውሻና የእሱ ዘር ያለባቸው ውሾች ደግሞ ከዚያ ባነሰውም አንጎላቸው ይመረዛል።

«አንዴ ትውለድ»

አንዴ መውለድ ለጤና ይጠቅማል የሚባለው ምንም መሠረት የለውም። ይልቅ ሳትመክን ያረጀች ሴት ውሻ ማኅፀኗ መግል ሊቋጥር ይችላል። ወንድ ከፈለገች ከወር ከሁለት ወር በኋላ ውሃ ማብዛት፣ መብላት ማቆም፣ ሆድ መነፋት ካያችሁ ነገ አትበሉ፣ ያኑ ቀን አምጧት። በደህናዋ ቀን ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ኦፕራሲዮን ያን ጊዜ የሞት የሽረት ይሆናል። የተወለዱትንስ ቡችሎች ለማን ትሰጣላችሁ? በካርቶን ወስዶ ገበያ ዳር መጣልን ጭካኔ ያላለ ሰው ማምከንን ጭካኔ ሲል ይገርመኛል።

ያለ ማደንዘዣ በምላጭ የሚያኮላሹ አሉ። እሱ ጭካኔ ነው። በዚያ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

«ነፍሰ ጡር ካለች ድመቷ ትውጣ»

አትውጣ። የሚፈራው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው፣ ፅንስ የሚጎዳ ጥገኛ ተውሳክ ነው። ድመት እንቁላሉን ከዓይነ ምድሯ ጋር የምታወጣው በአብዛኛው በዕድሜዋ አንዴ፣ ለአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። እንቁላሉም እንደወጣ አይተላለፍም፣ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ የድመቷን አሸዋ ባልየው በየቀኑ ይድፋ። በቃ። እሷ ደግሞ አትክልቱን በደንብ ትጠብ፣ ጓሮ ስትቆፍር ጓንት ታድርግ። ያው በሽታ በጥሬ ሥጋም ይመጣል። ድመቷን አስወጥታ በማግስቱ ቁርጥ ቤት የተገኘች ነፍሰ ጡር አውቃለሁ፣ ዘመድ ስለሆነች ዝርዝሩን ልተወው።

«ሐኪሞቹ ነጋዴዎች ናቸው»

ቅድም እደርስበታለሁ ያልኩት ይሄ ነው። አዎ፣ አለ። አልበላ ባለ ቁጥር «ቫይታሚን ነው» እየተባለ የሚወጋ መርፌ፣ ሳይመረመር የሚታዘዝ አንቲባዮቲክ፣ ለሰው ደስ እንዲለው የሚሰጥ ነገር ሞልቷል። እኔም ሥራ ስጀምር ሁሉንም ክትባት በየዓመቱ እወጋ ነበር። እንደዚያ ነበር የለመድነው። ዛሬ በዓለም አቀፍ መመሪያ የፓርቮና የዲስቴምፐር (ሌላው ውሻ ገዳይ የቫይረስ በሽታ) ክትባት ቡችላው ተራውን ጨርሶ፣ ዓመት ሳይሞላው ወይም በዓመቱ አንዴ ከተደገመለት በኋላ በየሦስት ዓመቱ ይበቃል። በአይጥ ሽንት የሚመጣው የሌፕቶስፓይራ ግን በየዓመቱ ነው። የእብድ ውሻውንም በዚህ አገር ሁኔታ እኔ በየዓመቱ እወጋለሁ። ሐኪማችሁን «ይሄ ለምንድን ነው? ዘንድሮ ባይሰጠውስ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካጣ ሌላ ፈልጉ።

ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነስተው «ስለዚህ ሁሉም ይቅር» አሉ። ዱቄት የሚያጭበረብር ባለሱቅ አለ ብሎ እንጀራ የተወ ሰው አላየሁም።

«ቢነክስም ፓስተር አለ»

ፓስተር የምንለው ጉለሌ ያለው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው፤ ስሙ የተወረሰው እ.ኤ.አ. በ1885 ለመጀመሪያ ጊዜ በውሻ የተነከሰ ልጅ በክትባት ካከመው ከፈረንሳዩ ሉዊ ፓስተር ነው። በዕድሜ ገፋ ያላችሁ ሆድ ላይ ቀን በቀን የሚወጋውን መርፌ ታስታውሱታላችሁ። ከበግ አንጎል ይሠራ የነበረ ክትባት ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንዲቀር ከመከረ ቆይቷል። ዘመናዊው ክንድ ላይ ይወጋል፣ እሱም ቢሆን በአንድ ቀን አያልቅም፣ ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ አለው። አዲስ አበባ ላለ ሰው «ፓስተር አለ» ማለት ይቀላል። ከወረዳው ጤና ጣቢያ ክትባት አጥቶ በአውቶቡስ ለሚመጣ ገበሬ እንዲህ አይባልም።

ደግሞም በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ውሃ መፍራት የጀመረ ሰው ፓስተርም አያድነው፣ እንዶድም አያድነው፣ ሌላ የባህል መድኃኒትም አያድነው። ከንክሻ እስከ ምልክት ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ስለሚቆይ፣ ደህና ነኝ ብሎ የተዘናጋው ነው የሚሞተው። በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፣ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው፣ ሰው ላይ ያደረሰውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው። ከ100 ውሾች 70ው ቢከተቡ በሽታው መዞሪያ ያጣል። ያንተ ውሻ ከሰባዎቹ አንዱ ነው ወይስ ከሠላሳዎቹ?

ከተነከሳችሁ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡት፤ ሰዓት ይዛችሁ፣ ምክንያቱም ሦስት ደቂቃ የታጠበ ሁሉ 15 የሞላ ይመስለዋል። ከዚያ ጤና ጣቢያ። ውሻውን ደግሞ ወዲያው ጭንቅላቱን በዱላ አትበሉት። ባለቤት ያለው ከሆነ አስራችሁ አሥር ቀን ትጠብቁታላችሁ፤ አሥር ቀን ደህና ከሆነ በነከሰበት ቀን በምራቁ በሽታ አላስተላለፈም ማለት ነው። ቢሞትም ላቦራቶሪ የሚመረምረው አንጎሉን ነው፤ ጭንቅላቱ ከተፈረከሰ ምርመራውም አብሮ ይቀራል።

ዓምና ሰፈራችን ውስጥ የአንድ ቤት ውሻ የጎረቤት ልጅ ባቱ ላይ ነከሰ። ልጁ ኳስ ሊያመጣ አጥር ዘሎ ነው። ሰፈሩ ድንጋይ ይዞ ወጣ። የውሻው ባለቤት እማማ ናቸው፣ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ነጠላቸውን አደግድገው በር ላይ ቆሙና የክትባት ካርዱን እንደ መታወቂያ ከፍ አድርገው አሳዩ። እኔ ነኝ የከተብኩት፣ ስቲከሩ አለ፣ ቀኑ አለ። ሰው ድንጋዩን ጣለ። ልጁ በሳሙና ታጥቦ ጤና ጣቢያ ሄደ፣ ካርድ ቢኖርም ለማንኛውም ክትባቱን ጀመረ። ውሻው ታሰረ። ከዚያ እማማ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ለልጁ እናት ይደውላሉ፣ ቀጥሎ ለእኔ። «በልቷል» ይላሉ፣ ይዘጋሉ። በስድስተኛው ቀን «ትንሽ ከፍቶታል» ብለው አስደንግጠውኝ ሄጄ ሳየው ገመዱ አጥሮበት ነው። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ስልኬ ገና ሳይነጋ ጮኸ። «ዶክተር፣ አጥንት ይዞ አልለቅም አለኝ፣ ልፍታው?» አሉኝ። ይፍቱት አልኳቸው።